የጀርባ አገልግሎት ሲነሣና ሲወድቅ፦ ሲስተምዲን በጥንቃቄ ስለ ማዋቀር

በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ማንም ሰው ተርሚናል ከፍቶ ሳይቀሰቅሳቸው ከበስተጀርባ የሚሠሩት ፕሮግራሞች፣ ማለትም የድረ ገጽ ሰርቨሩ፣ ዳታቤዙ፣ ወይም እኛው ራሳችን ጽፈን ያስቀመጥነው ትንሽ ፕሮግራም፣ ዛሬ በአብዛኞቹ ስርጭቶች (እንደ ዴቢያንና ኡቡንቱ ባሉ የሊኑክስ ዓይነቶች) የሚተዳደሩት በሲስተምዲ ነው። ሲስተምዲ በ2010 ይፋ ከሆነ በኋላ ፌዶራ በ2011፣ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ በ2014፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ ደግሞ በ2015 ዋና የማስነሻ ሥርዓታቸው አድርገውታል። ስለዚህ ከዚህ በታች የተጻፈው ስርጭት ቢቀየርም ብዙ አይለወጥም።

ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በተደጋጋሚ የማየው አንድ ልማድ ነው። ብዙ ሰው አገልግሎቱን ሲያዋቅር «ሪስታርት=ኦልዌይስ» የሚል መስመር ይጨምርና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ሲስተምዲ ስለ ፕሮግራማችን የሚያውቀው እኛ የነገርነውን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ተነሣ የሚባለው መቼ እንደሆነ፣ ወደቀ የሚባለውስ በምን እንደሚለይ ሳንነግረው «ሲወድቅ መልሰህ አስነሣው» ብቻ ብንለው፣ ገና ያልተነሣውን ተነሣ ብሎ ይመዘግባል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲወድቅና ሲነሣ ያደረውንም እንደ ጤነኛ ይቆጥረዋል።

የትእዛዞቹንና የቅንብሮቹን ስሞች እዚህ በፊደላችን የጻፍኋቸው እንደሚነበቡት ነው። በፋይሉ ውስጥ ሲጻፉ በላቲን ፊደል ሲሆን፣ የቅንብሩ ስም የተሠራባቸው ቃላት ያለ ክፍት ቦታ ተያይዘው እያንዳንዳቸው በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ፤ ከእኩል ምልክቱ በኋላ የሚመጡት እንደ «ኦልዌይስ» ያሉ እሴቶች ግን በትንንሽ ፊደላት ይጻፋሉ።

ፋይሉ የሚቀመጥበት ቦታ

አንድ አገልግሎት የሚገለጽበት ፋይል ዩኒት ፋይል ይባላል፤ ስሙም «.ሰርቪስ» በሚል ቅጥያ ያልቃል። ከጥቅል (ስርጭቱ ከሚያቀርበው የሚጫን ፕሮግራም) ጋር የሚመጡት በ«/ዩኤስአር/ሊብ/ሲስተምዲ/ሲስተም» ሥር ይቀመጣሉ፤ አስተዳዳሪው የሚጽፋቸው ደግሞ በ«/ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ሲስተም» ሥር ይሆናሉ፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች ሲኖሩም የሚሠራው የአስተዳዳሪው ነው። ከጥቅሉ ጋር የመጣውን ፋይል በቀጥታ አይንኩት፤ በሚቀጥለው ማሻሻያ ለውጡ ይጠፋል። በዚያ ፈንታ ሲስተምዲን በምናዝበት በ«ሲስተምሲቲኤል» ትእዛዝ «ሲስተምሲቲኤል ኤዲት» ብለው የአገልግሎቱን ስም ቢያስከትሉ፣ የሚቀይሯቸውን መስመሮች ብቻ የሚይዝ ተደራቢ ፋይል ይከፈትልዎታል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሰናክል አንድ ነገር አለ። በተደራቢው ፋይል ውስጥ የሚጻፍ ተራ ቅንብር የቀድሞውን ይተካል፤ «ኤግዜክስታርት» ግን እንደ ዝርዝር ስለሚቆጠር በነባሩ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ የማስነሻውን ትእዛዝ ለመቀየር መጀመሪያ ከእኩል ምልክቱ በኋላ ባዶ የሆነ «ኤግዜክስታርት=» መስመር፣ ከሥሩም አዲሱን ትእዛዝ መጻፍ ያስፈልጋል። ደግሞም ይህ መስመር የሚሠራው በሼል (በተርሚናል የምንጽፈውን ትእዛዝ በሚተረጉመው ፕሮግራም) በኩል ስላልሆነ፣ በተርሚናል የለመድናቸው የቧንቧና የማዛወሪያ ምልክቶች ለፕሮግራሙ እንደ ተራ ግቤት ይደርሱታል እንጂ ሥራቸውን አይሠሩም።

ፋይሉን በእጅ ከቀየሩ በኋላ ሲስተምዲ እንደገና እንዲያነበው «ሲስተምሲቲኤል ዲመን-ሪሎድ» ማለት ግድ ነው። ዋናውን ፋይልና ተደራቢዎቹን በተከታታይ ለማየት «ሲስተምሲቲኤል ካት»፣ ነባሪዎቹን (እኛ ካልጻፍን የሚሠሩትን እሴቶች) ጨምሮ እያንዳንዱን እሴት ለማየት ደግሞ «ሲስተምሲቲኤል ሾው» ይጠቅማሉ።

«ተነሣ» ማለት ምን ማለት ነው?

የዚህ ጥያቄ መልስ የሚጻፈው በ«ታይፕ» ቅንብር ነው፤ በእኔ እምነት ከፋይሉ መስመሮች ሁሉ ትልቁን ሐሳብ የሚፈልገውም ይህ ነው። ነባሪው «ሲምፕል» ሲሆን፣ ሲስተምዲ አዲስ ፕሮሰስ (ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ሂደት) እንደ ፈጠረ ወዲያውኑ አገልግሎቱን ተነሣ ይለዋል። ፕሮግራሙ በዲስኩ ላይ ባይኖር እንኳ «ሲስተምሲቲኤል ስታርት» ያለ ምንም ስህተት ሊመለስ ይችላል፤ ውድቀቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። በ2018 መጨረሻ በ240ኛው እትም የገባው «ኤግዜክ» አንድ እርምጃ ይሻላል፤ ፕሮግራሙ በትክክል ተጠርቶ መሥራት እስኪጀምር ድረስ ይጠብቃል። የፋይሉ ስም ተሳስቶ ከሆነ ወይም አገልግሎቱ የሚሠራበት ተጠቃሚ በሲስተሙ ላይ ከሌለ፣ ስህተቱን ያኔውኑ እናያለን። ሌላ ምርጫ ከሌለ ከ«ሲምፕል» ይልቅ «ኤግዜክ»ን መጠቀም ምንም ጉዳት የለውም።

ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ መሥራት ጀመረ ማለት አገልግሎት ለመስጠት ተዘጋጀ ማለት አይደለም። ዳታቤዝ ተጠርቶ ከተነሣ በኋላ መዝገቡን ለማገገም ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚመጣውን ጥያቄ አይቀበልም። ይህን ልዩነት በትክክል የሚገልጸው «ኖቲፋይ» ነው። በዚህ ዓይነት የተዋቀረ ፕሮግራም ዝግጅቱን ሲጨርስ፣ ሲስተምዲ በአካባቢ ተለዋዋጭ (ለፕሮግራሙ ሲነሣ በሚሰጠው ስም ያለው እሴት) ወዳስተዋወቀው ሶኬት (የመልእክት መቀበያ) «ሬዲ=1» የሚል አጭር መልእክት ይልካል፤ ያ መልእክት እስኪደርስ ድረስ አገልግሎቱ በመነሣት ላይ ነው እንጂ ተነሣ አይባልም። የራስዎን ፕሮግራም የሚጽፉ ከሆነ ይህን መጨመር ጥቂት መስመሮችን ብቻ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድመው ያድርጉት ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ።

«ፎርኪንግ» የሚባለው ራሳቸውን ወደ ጀርባ ለሚያዛውሩ የቆዩ ፕሮግራሞች የተተወ ነው፤ ፕሮግራሙ ከፊት ሆኖ እንዲሠራ የሚያደርግ አማራጭ ካለው ያንኑ ይጠቀሙ። አንድ ሥራ ሠርቶ ለሚጨርስ ስክሪፕት «ዋንሾት» ይስማማል፤ ስክሪፕቱ ካለቀ በኋላም አገልግሎቱ እንደ ተነሣ እንዲቆጠር ከተፈለገ «ሪሜይንአፍተርኤግዚት=የስ» ይጨመራል።

አገልግሎቱ ለመነሣት የሚሰጠው ጊዜ «ታይምአውትስታርትሴክ» ሲሆን፣ ከ«ዋንሾት» ውጭ ስርጭቱ ካልቀየረው በቀር 90 ሰከንድ ነው። «ኖቲፋይ»ን ከተጠቀሙ በኋላ ይህ ቁጥር እውነተኛ ክብደት ይኖረዋል፤ ዝግጅቱ 3 ደቂቃ የሚፈጅን ፕሮግራም በ90 ሰከንድ ማቋረጥ በእያንዳንዱ ሙከራ ሥራውን ከመጀመሪያው ማስጀመር ነውና፣ የሚያስፈልገውን ረጅሙን ጊዜ ለክተው ከዚያ ከፍ ያለ ቁጥር ይስጡት።

ቅደም ተከተልና ጥገኝነት

ሲስተምዲ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ለይቶ ይጠይቀናል። አንደኛው «አብሮኝ ማን ይነሣ?» የሚል ሲሆን መልሱ በ«ዋንትስ» ወይም በ«ሪኳየርስ» ይሰጣል፤ ሁለተኛው «ማን ይቅደመኝ?» የሚል ሲሆን መልሱ በ«አፍተር» ይጻፋል። «ሪኳየርስ» ብቻውን ቅደም ተከተል አያስይዝም፤ «አፍተር» ካልታከለበት ሁለቱም አገልግሎቶች በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። «አፍተር» ብቻውን ደግሞ ሌላውን አገልግሎት አያስነሣም፤ ሁለቱም የሚነሡ ከሆነ ብቻ ተራ ያስይዛቸዋል። ስለዚህ በአብዛኛው ሁለቱ መስመሮች አብረው መጻፍ አለባቸው።

«አፍተር» የሚጠብቀው ሌላኛው አገልግሎት ተነሣ እስኪባል ድረስ ነው፤ ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ የዚያኛው አገልግሎት «ታይፕ» ነው። ዳታቤዙ «ሲምፕል» ሆኖ ከተዋቀረ፣ የእኛ ፕሮግራም «ከዳታቤዙ በኋላ» ቢነሣም ዳታቤዙ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ሊደርስበት ይችላል። ፋይሌ ትክክል ሆኖ ሳለ ለምን ይወድቃል ብለው ለሚጠይቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ኔትወርክን በተመለከተ «ኔትወርክ.ታርጌት» ኔትወርኩ እንደ ሠራ አያረጋግጥም። መገናኛው ተዘጋጅቶ እንዲጠበቅ ከተፈለገ «ኔትወርክ-ኦንላይን.ታርጌት» በ«ዋንትስ»ም በ«አፍተር»ም መጠራት አለበት። ያም ቢሆን ኔትወርክ ከተነሣ በኋላም ሊቋረጥ ስለሚችል፣ ግንኙነቱ ሲጠፋ በራሱ ደጋግሞ የሚሞክር ፕሮግራም መጻፍ ከማንኛውም የማስነሻ ተራ ይበልጣል።

ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ማውጫ በሌላ ዲስክ ላይ ከሆነ «ሪኳየርስማውንትስፎር» ብለው የማውጫውን ሙሉ መንገድ ይጻፉ። አንድ ፋይል ከሌለ አገልግሎቱ እንዳይነሣ ለማድረግም ሁለት መንገድ አለ፦ «ኮንዲሽንፓዝኤግዚስትስ» አገልግሎቱን በዝምታ ያልፈዋል፣ «አሰርትፓዝኤግዚስትስ» ግን እንደ ስህተት ያስመዘግበዋል። የፋይሉ አለመኖር ችግር ከሆነ ሁለተኛውን ይምረጡ።

ሲወድቅ ምን ይሁን?

«ሪስታርት» ካልተጻፈ ነባሪው «ኖ» ነው፤ የወደቀ አገልግሎት ወድቆ ይቀራል። ለረጅም ጊዜ እንዲሠራ ለታሰበ አገልግሎት የምመርጠው «ኦን-ፌይለር»ን ነው። ይህ እሴት አገልግሎቱን መልሶ የሚያስነሣው ፕሮግራሙ ከዜሮ በተለየ የመውጫ ቁጥር (ሲያበቃ እንዴት እንዳበቃ በሚያሳውቅበት ቁጥር) ሲወጣ፣ እንደ ሲግኪል ባለ ሲግናል (ለፕሮሰስ በሚላክ ምልክት) ሲገደል፣ የተሰጠው ጊዜ ሲያልፍበት ወይም ከዚህ በታች የማነሣው የዋችዶግ ጊዜ ሲያመልጠው ነው። በሲግተርም፣ በሲግኢንት፣ በሲግሀፕ ወይም በሲግፓይፕ የቆመ ፕሮግራም በሰላም እንደ ወጣ ይቆጠራል። «ኦልዌይስ» ግን ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ በሰላም ቢወጣም ያስነሣዋል፤ ሊወጣ ፈጽሞ የማይገባው ፕሮግራም ካልሆነ በቀር አስፈላጊ አይደለም። በሁለቱም ምርጫዎች ቢሆን እኛው «ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ» ብለን ያቆምነው አገልግሎት ተመልሶ አይነሣም።

ከ«ሪስታርት» ጎን መታየት ያለባቸው ሦስት ቁጥሮች አሉ። «ሪስታርትሴክ» በሁለት ሙከራዎች መካከል የሚጠበቀው ጊዜ ሲሆን ነባሪው 100 ሚሊሰከንድ ነው። «ስታርትሊሚትኢንተርቫልሴክ» እና «ስታርትሊሚትበርስት» ደግሞ በስንት ጊዜ ውስጥ ስንት ጊዜ መነሣት እንደሚፈቀድ ይወስናሉ፤ ነባሪያቸው በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ነው። ዩኒት ፋይሉ ርእስ ባላቸው ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን፣ የመጀመሪያው በሰርቪስ ክፍል፣ ሁለቱ ግን በዩኒት ክፍል ይጻፋሉ፤ ክፍላቸውን ካሳሳትን ሲስተምዲ በማስጠንቀቂያ ብቻ ሊያልፋቸው ይችላል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በነባሪዎቹ እንደተነሣ የሚሞት ፕሮግራም በግማሽ ሰከንድ ገደማ ውስጥ 5ቱንም ሙከራ ጨርሶ በወደቀበት ይቀራል። ዳታቤዙ አንድ ደቂቃ ዘግይቶ ቢነሣ፣ ያኔ መልሶ የሚሞክር የለም። ይህን የተረዳ ሰው «ሪስታርትሴክ»ን ብቻ ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ያደርገዋል፤ ሆኖም በ3 ሰከንድ ልዩነት በ10 ሰከንድ ውስጥ የሚቻለው መነሣት 4 ጊዜ ብቻ ስለሆነ ገደቡ ፈጽሞ አይነካም፤ ፕሮግራሙም ያለ ማቋረጥ ሲወድቅና ሲነሣ ይኖራል።

ይህ በእኔው ላይ ደርሷል። በቅንብር ፋይል ውስጥ አንድ ኮማ ረስቼ ማምሻውን ሥራ ጨረስኩ። አገልግሎቱ በየ3 ሰከንዱ ሲወድቅና ሲነሣ አደረ፤ 8 ሰዓት ማለት ከ9 ሺህ በላይ ሙከራ ነው። የመቆጣጠሪያው ፕሮግራም በየደቂቃው ሲጠይቅ አንዳንዴ «እየሠራ ነው» የሚል መልስ ያገኝ ስለነበር ማንም አልተጠራም፤ ሎጉ (የፕሮግራሙ የክንውን መዝገብ) የያዘውን ቦታ በማግሥቱ ሳይ ነው የተረዳሁት። ያን ቀን ፕሮግራሙ ወድቆ በዚያው ቢቀር ኖሮ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይታወቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገደብ የሌለው ዳግም ማስነሣት የማልቀበለው ነገር ሆኗል።

ደንቡ አጭር ነው፦ የመጠበቂያው ጊዜና ፕሮግራሙ ከመሞቱ በፊት የሚቆይበት ጊዜ ተደምረው በተፈቀደው የሙከራ ብዛት ሲባዙ፣ ውጤቱ ከ«ስታርትሊሚትኢንተርቫልሴክ» ማነስ አለበት። ለምሳሌ በዩኒት ክፍል፦

ስታርትሊሚትኢንተርቫልሴክ=300
ስታርትሊሚትበርስት=8

በሰርቪስ ክፍል ደግሞ፦

ሪስታርት=ኦን-ፌይለር
ሪስታርትሴክ=15

ተብሎ ቢጻፍ፣ ወዲያው ለሚሞት ፕሮግራም 8 ጊዜ 15 ሰከንድ፣ ማለትም 2 ደቂቃ ያህል ዕድል ይሰጠዋል፤ ዘግይቶ የሚነሣን ዳታቤዝ ለመጠበቅ ይበቃል፣ የማይድን ስህተት ከሆነ ግን ቆሞ ይታያል። ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ሙከራ 20 ሰከንድ ቆይቶ የሚሞት ቢሆን እንኳ 8 ጊዜ 35 ሰከንድ 280 ስለሚሆን ከ300 በታች ነው፤ ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ጊዜውን ማስፋት ያስፈልጋል። በ2023 የወጣው 254ኛው እትም ደግሞ «ሪስታርትስቴፕስ» እና «ሪስታርትማክስዲሌይሴክ» በሚሉ ቅንብሮች የመጠበቂያው ጊዜ በየሙከራው እያደገ እንዲሄድ ያስችላል። ብዙ ሰርቨሮች አንድ ዳታቤዝ ላይ በአንድ ጊዜ በሚረባረቡበት ቦታ ይህ እጅግ ይረዳል፤ ሆኖም መጠበቂያው ሲያድግ ሒሳቡም አብሮ ስለሚቀየር ገደቡን እንደገና ማስላት አይርሱ።

ገደቡን የነካ አገልግሎት ምክንያቱ ከተስተካከለ በኋላም «ስታርት» ሲባል እምቢ ሊል ይችላል። ያኔ «ሲስተምሲቲኤል ሪሴት-ፌይልድ» ብለው ቆጠራውን ያጽዱ።

ስለ መውጫ ቁጥሮች ጥቂት ልጨምር። የጃቫ ፕሮግራም በሲግተርም ሲቆም በ143 ይወጣል፤ እኛው በሰላም ያቆምነው አገልግሎት ወድቋል ተብሎ እንዳይመዘገብ «ሰክሰስኤግዚትስታተስ=143» ይጻፋል። በተቃራኒው ደጋግሞ መሞከር ትርጉም የሌለው ስህተትም አለ፤ የተበላሸ የቅንብር ፋይል ለ8ኛ ጊዜ ስለ ተነበበ አይድንም። ፕሮግራምዎ ለቅንብር ስህተት በልማድ የተያዘውን ቁጥር 78ን እየሰጠ እንዲወጣ ያድርጉና «ሪስታርትፕሪቨንትኤግዚትስታተስ=78» ይበሉ፤ ያኔ በመጀመሪያው ውድቀት ይቆማል። ሲስተምዲ ራሱ የሚሰጣቸው ቁጥሮችም አሉ፤ 203 ፕሮግራሙን መጥራት አልተቻለም፣ 200 ወደ ሥራ ማውጫው መግባት አልተቻለም፣ 217 የተጠቃሚው ስም ችግር አለበት ማለት ነው። እነዚህን ያየ ሰው በፕሮግራሙ ኮድ ውስጥ ስህተት መፈለግ አያስፈልገውም።

ውድቀቱን ለሰው ማሳወቅ

በዩኒት ክፍል የሚጻፈው «ኦንፌይለር» አገልግሎቱ ወድቆ ሲቀር ሌላ አገልግሎት ያስነሣል። አንድ ጊዜ ብቻ «አለርት@.ሰርቪስ» የሚባል አብነት (ለብዙ ስሞች የሚያገለግል ዩኒት ፋይል) አዘጋጅተው፣ ኢሜይል ወይም የስልክ መልእክት የሚልክ ስክሪፕትዎን በ«ዋንሾት» እንዲጠራ ካደረጉ፣ በሌሎቹ አገልግሎቶች ሁሉ «ኦንፌይለር=አለርት@%ኤን.ሰርቪስ» የሚለው መስመር ይበቃል፤ የመቶኛው ምልክትና ፊደሉ በወደቀው አገልግሎት ስም ይተካሉ። ልብ ይበሉ፤ «ሪስታርት» የተጻፈለት አገልግሎት ወደቀ የሚባለው የሙከራ ገደቡን ሲጨርስ ነው። ገደቡ የማይነካ ከሆነ ማስታወቂያውም ፈጽሞ አይላክም፤ የእኔ 9 ሺህ ሙከራ በዝምታ ያለፈውም ለዚህ ነበር። ማስታወቂያ የሚልከው ስክሪፕት ደግሞ ከወደቀው አገልግሎት ጋር አንድ ዳታቤዝ ወይም አንድ ዲስክ ላይ እንዳይንጠለጠል ይጠንቀቁ።

ሳይሞት ለሚፈዝ ፕሮግራም

ፕሮሰሱ በሕይወት እያለ ሥራውን ግን ያቆመ ፕሮግራም ከሞተው ይልቅ ያስቸግራል፤ የመውጫ ቁጥር ስለሌለው ሲስተምዲ ምንም አያይም። «ዋችዶግሴክ=30» ከተባለ ፕሮግራሙ ቢያንስ በየ30 ሰከንዱ «ዋችዶግ=1» የሚል መልእክት መላክ ይኖርበታል፤ የሚመከረው በግማሹ ጊዜ፣ በየ15 ሰከንዱ መላክ ነው። መልእክቱ ከቀረ ሲስተምዲ በሲግአቦርት ይገድለዋል፣ «ኦን-ፌይለር»ም መልሶ ያስነሣዋል። መልእክቱን ዋናው ሥራ ከሚሠራበት ዑደት ውስጥ ይላኩት። ለዚሁ ብቻ በተለየ ክር (በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን በሚሄድ ሥራ) ከተላከ፣ ዋናው ሥራ ተቆልፎ ሳለ ክሩ «ደህና ነኝ» ማለቱን ይቀጥላልና ጥበቃው ከንቱ ይሆናል።

መሞከር

ያልተሞከረ የውድቀት ቅንብር ገና እንዳልተጻፈ ይቆጠር። መጀመሪያ «ሲስተምዲ-አናላይዝ ቬሪፋይ» ፋይሉን መርምሮ የተሳሳተ ስም ወይም ያለ ክፍሉ የገባ መስመር ካለ ይናገራል። ከዚያ አገልግሎቱን አስነሥተው በ«ሲስተምሲቲኤል ኪል» ሲግኪልን ይላኩበትና ከ15 ሰከንድ በኋላ መመለሱን ይመልከቱ። ለዚህ ሙከራ ሲግተርምን አይጠቀሙ፤ በሰላም እንደ መውጣት ስለሚቆጠር አገልግሎቱ ሳይመለስ ይቀርና ቅንብሩ የተበላሸ ይመስልዎታል። ዋችዶግን ለመፈተን ሲግስቶፕን ይላኩ፤ ፕሮሰሱ ሳይሞት ይቆማል።

በመቀጠል የቅንብር ፋይሉን ሆን ብለው አበላሽተው ያስነሡትና አገልግሎቱ በታሰበው ጊዜ ወድቆ መቅረቱን፣ መልእክቱም በእርግጥ ስልክዎ ላይ መድረሱን ያረጋግጡ። «ሲስተምሲቲኤል ሾው» ከሚያወጣቸው መካከል «ኤንሪስታርትስ» የሚለው ቁጥር አገልግሎቱ ስንት ጊዜ በራሱ እንደ ተነሣ ይነግራል፤ ይህን ቁጥር በመቆጣጠሪያዎ ውስጥ ቢያስገቡት «እየሠራ ነው» ከሚለው ቃል የበለጠ ይታመናል።

በመጨረሻም ሰርቨሩን ራሱን አጥፍተው ያስነሡት። አገልግሎቱ በ«ሲስተምሲቲኤል ኢነብል» ካልተመዘገበ በእጅ ሲነሣ የነበረው ሁሉ ከቡት (ሰርቨሩ ዳግም ከተነሣ) በኋላ አይገኝም፤ ከተመዘገበም የቅደም ተከተል ስህተት በግልጽ የሚወጣው ሁሉም አገልግሎቶች በአንድነት ሲነሡ ነው። ሰርቨሩ ሲመለስ «ሲስተምሲቲኤል --ፌይልድ» የወደቁትን ይዘረዝራል፣ «ሲስተምዲ-አናላይዝ ክሪቲካል-ቼይን» ማን ማንን እንደ ጠበቀ ያሳያል፣ «ጆርናልሲቲኤል -ቢ -ዩ» ከአገልግሎቱ ስም ጋር ከዚህ ቡት ወዲህ የተመዘገበውን ሎግ ብቻ ያወጣል። ዳታቤዙን ለጊዜው «ሲስተምሲቲኤል ማስክ» ብለው ቆልፈው አንድ ጊዜ ደግመው ቡት ያድርጉት፤ ፕሮግራምዎ ዳታቤዝ በሌለበት ምን እንደሚያደርግ በዚያ ይታያል፤ ሲጨርሱም «አንማስክ» ማለትን አይዘንጉ።